የብርሃኑን ሕክምና አትጠብቁ



በማሕፀን በር ላይ የሚወጣውን ቅድመ ካንሰር ቁስለት በብርሃን የሚያክም ዘዴ በውጭ አገር መኖሩን የሰማች እህት «እኛ ዘንድስ መቼ ይደርሳል?» ብላ ብትጠይቅ አይፈረድባትም። የእኔ መልስ ግን አትጠብቁት የሚል ነው።

በቅድሚያ አሠራሩን እንመልከት። ብርሃን ሲያርፍበት የሚሠራ መድኃኒት በማሕፀን በር ላይ ይደረጋል፤ መድኃኒቱ በታመሙት ሕዋሳት ውስጥ እስኪጠራቀም ጥቂት ሰዓታት ይጠበቃል፤ ከዚያ ቀይ ብርሃን ሲበራበት ሕዋሳቱን ይገድላቸዋል። ይህ ለካንሰር ከሚሰጠው የጨረር ሕክምና ጋር አንድ አይደለም፤ ሁለቱን የሚያምታታ ብዙ ነው። ሐሳቡም አዲስ አይደለም። በ13ኛው ምዕተ ዓመት የኖረው የአንዳሉሱ የመድኃኒት ሊቅ ኢብኑል በይጧር ለለምጽ የዕፅ ዘር ወስዶ ገላን ለፀሐይ ማጋለጥን ጽፎ አልፏል።

ዘዴው በተለይ በቻይና ብዙ ተጠንቷል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ለቅድመ ካንሰር የሚመክረው ግን በቅዝቃዜ ማከምን፣ በሙቀት ማከምንና ቁስለቱን ቆርጦ ማውጣትን ነው።

አሁን ወደ መሐል ሜዳ እንመለስ። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በዚህ ብርዳም አገር ከገጠር ቀበሌ በእግሯ ወይም በበቅሎ ወርዳ የምትመጣ እናት አለች። የብርሃኑ ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ ተደጋጋሚ ቀጠሮ ይጠይቃል። ገብሱ ሳይታጨድ፣ በጎቹ ያለ እረኛ ቀርተው፣ «በሳምንቱ ተመለሺ» ብትባል ትመለሳለች? እኔ አትመለስም ባይ ነኝ። ለእርሷ የሚበጃት በመጣችበት ቀን ታይታ በዚያው ቀን ታክማ የምትሄድበት አገልግሎት ነው።

ይህ አገልግሎት ደግሞ በአገራችን አለ። ከ2002 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ፓዝፋይንደር ኢንተርናሽናል ከጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ጋር ባካሄደው «አዲስ ተስፋ» ፕሮጀክት ኤች.አይ.ቪ. በደማቸው ካለ ሴቶች ተጀምሮ ተስፋፍቷል። ባለሙያዋ የተመጠነ አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም የአቼቶን ዓይነት ፈሳሽ፣ ትቀባና አንድ ደቂቃ ያህል ትጠብቃለች። ነጭ ሆኖ የሚታይ ነገር ካለና ለዚህ ሕክምና የሚመች ከሆነ ወዲያው ይታከማል። (የቤቱን አቼቶ ማንም እንዳትሞክር!) የቅዝቃዜው ሕክምና የጋዝ ሲሊንደር ይፈልጋል፤ በመንዝ መንገድ ሲሊንደር ማመላለስ ምን ማለት እንደሆነ ሹፌሮችን ጠይቁ። በ100 ዲግሪ ገደማ የሚያክመው የሙቀት መሣሪያ ግን በእጅ የሚያዝ ነው፤ ሥራውንም ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይጨርሳል። እንግዲህ ለወረዳችን የምንጠይቀው መሣሪያ ይህ ሊሆን ይገባል።

ለዚህ ሁሉ መነሻው ኤች.ፒ.ቪ. የተባለ ቫይረስ ነው። በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይተላለፋል፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ በራሱ ይጠፋል። ሳይጠፋ ከቀረ ወደ ካንሰር እስኪለወጥ ብዙውን ጊዜ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። በመሆኑም ዛሬ ቁስለት የተገኘባትን ሚስት «ከየት አመጣሽው?» ብሎ መጠርጠር ከባድ በደል ነው። ቫይረሱ ከብዙ ዓመት በፊት የገባ፣ ምናልባትም ከባልየው የመጣ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ወንዶች ረጋ በሉ!

ብዙ እህቶችን ወደ ኋላ የሚያስቀራቸው ሐያእ ነው። በሴት ባለሙያ ልታይ ብላችሁ ጠይቁ፤ ነውር የለበትም። ሴት ባለሙያ ከታጣች ግን ለሕክምና በወንድ ሐኪም መታየትን ዑለሞች ለችግር ጊዜ ፈቅደውታል። በ2020 እ.ኤ.አ. በተሠራ ዓለም አቀፍ ግምት በኢትዮጵያ በዓመት ከ5,300 በላይ ሴቶች በማሕፀን በር ካንሰር ይሞታሉ፤ ብዙዎቹ ወደ ሐኪም የሚሄዱት ደም መፍሰስ ከጀመረ በኋላ ነው።

ከ30 እስከ 49 ዓመት ያላችሁ ሁሉ ሳትታመሙ ሂዱ፤ ኤች.አይ.ቪ. በደሟ ያለባት ደግሞ ቀደም ብላ ትጀምር። ከሕክምናው በኋላ አንድ ወር ያህል ውኃ የመሰለ ፈሳሽ ይኖራል። ይህ የወር አበባ አይደለም፤ የውዱኡንና የሰላቱን ጉዳይ ከዑለሞች ጠይቁ። ለአንድ ወር ያህል ከግንኙነት መታቀብ ስለሚያስፈልግ ባልም አስቀድሞ ይወቀው።

ለሴት ልጆቻችሁ ክትባቱ በ2011 ዓ.ም. በ14 ዓመት ልጃገረዶች ተጀምሮ፣ በ2017 ዓ.ም. በተደረገው ዘመቻ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት ተሰጥቷል። መካን ያደርጋል የሚባለው ወሬ መሠረት የለውም። የታከማችሁ እናቶች ደግሞ ከዓመት በኋላ ተመልሳችሁ መታየት አለባችሁ፤ ቀኑን ከወዲሁ በካርዳችሁ ላይ አስጽፉ።