ምላጭ ሲያብጥ

«ምላጭ ቢያብጥ በምን ይበጡ?» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ምላጭ በእውነት ያብጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። የአባቴን ተጣጣፊ ምላጭ ከሣጥን አውጥቼ ስከፍተው ግን አብጦ አገኘሁት። ዝገት ከበላው ብረት የበለጠ ስፍራ ይይዛልና ቡናማ ቅርፊት ተነሥቶበት ነበር። ታላቅ ወንድሜ «ለብረት ሠራተኛ ሰጥተን እንደ መስተዋት እናስወልውለው፤ ሳሎን ይቀመጣል» አለ። እኔ አልተስማማሁም።

አሮጌ ምላጭ ይታደስ ወይስ ይቅር ሲባል የሁላችንም ዐይን የሚሮጠው ወደ ማኅተሙና ወደ እጀታው ነው። የአባቴ ምላጭ አንገቱ ላይ «ሶሊንገን፣ ጀርመን» የሚል ተቀርጾበታል። ሶሊንገን እንደ እንግሊዙ ሼፊልድ በስለት ሥራ ስሙ የገነነ ከተማ ነው፤ ስሙም እ.ኤ.አ. በ1938 በሕግ ተጠብቆለታል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1890 ያወጣችው የቀረጥ ሕግ ወደዚያ የሚገባ ዕቃ የተሠራበትን አገር ስም እንዲይዝ ስላስገደደ፣ የአገር ስም ያለበት ምላጭ ብዙውን ጊዜ ከዚያ ወዲህ የተሠራ ነው። ይህ ሁሉ ዕድሜን ይነግረናል እንጂ ጤንነትን አይነግረንም። ስም ጢም አይላጭም።

እጀታውማ የባሰ ጉድ አለበት። የዝሆን ጥርስ ነው እያልን ስንኮራበት የኖርነው ሴሉሎይድ ሆኖ ተገኘ። ሴሉሎይድ ሲያረጅና ሲፈርስ አሲድ ያዘለ ትነት ይተነፍሳል፤ በውስጡ የታጠፈውን ብረት ያዝገዋል። እንግዲህ እናታችን በነጭ ጨርቅ እየጠቀለለች ያኖረችው ዕቃ በገዛ ሰገባው ሲበላ ኖሯል ማለት ነው።

የምላጭ ነፍሱ ስለቱ ላይ ነው። ጎኑ ላይ ያለ ዝገት መልክ ያበላሻል እንጂ አይገድልም፤ በዘይትና በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ይለቃል። ጥቂት የተሸረፈም በመሳያ ድንጋይ ይስተካከላል። ጀርባውም መታየት አለበት፤ ምላጭ ሲሳል ጀርባውና ስለቱ አብረው ድንጋዩን ስለሚነኩ የስለቱን ማዕዘን የሚጠብቀው ጀርባው ነው፤ እርሱ ክፉኛ ከተበላ ማዕዘኑም አብሮ ይበላሻል። ስለቱን የቆፈረ ዝገት ግን አታላይ ነው፤ አንዱን ጉድጓድ ስለው አጠፋሁ ሲሉ ከሥሩ ሌላው ብቅ ይላል። ስንጥቅ ከሆነ ደግሞ ነገሩ አለቀ። ጥጥ ይዞ ከጀርባ ወደ ስለት በቀስታ መዳበስ ነው፤ ጤነኛ ስለት ላይ ጥጡ ተንሸራቶ ያልፋል፣ የታመመው ላይ ይያዛል።

የአባቴ ምላጭ ወገቡ ላይ ጥጡን ያዘው። ወደ መስኮቱ አዙሬ ሳየው ከፀጉር የቀጠነ መስመር ወደ ውስጥ ገብቷል።

ወንድሜ ይህን አይቶም «ቢሆንም ይወልወል» አለ። የጠላሁት ይህንን ነው። በሚሽከረከር ማወልወያ ሥር ቀጭን ስለት በአንድ አፍታ ይግላል፤ ሰማያዊ ቀለም ካወጣ ጥንካሬው ሄዷል፣ ከዚያ በኋላ ቢስሉትም አይጸናም። (የድሮ ግጥሞቼን ስወለውል ስንቱን ስንኝ እንዲህ እንዳዶለዶምሁ እኔ ነኝ የማውቅ።) ከዚህም በላይ፣ የተሰነጠቀ ምላጭ እንዲያበራ ማድረግ ጤነኛ ነው ብሎ መመስከር ነው። ዝገቱ ቢያንስ አይዋሽም። ነገ ጢም ማብቀል የሚጀምረው የወንድሜ ልጅ «የአያቴ ምላጭ» ብሎ ጉንጩ ላይ ቢያሳርፈውስ?

ስንጥቅ ባይኖረው ኖሮ፣ የፈለገውን ያህል ቢዝግና እጀታው ቢሰበር፣ ዓመት ሙሉ ድንጋይ ላይ ባመላለስሁት ነበር። ሠርቶ ያደረ ዕቃ ሥራውን መልሶ የሚሠራ ከሆነ ድካሙ ይገባዋል፤ መታየት ብቻ ከሆነ የአባቴ ፎቶግራፍ ግድግዳው ላይ አለ።

ሚስማሩን ነቅለን ሁለቱን ለያየናቸው። እጀታውን ወንድሜ ወሰደው። ምላጩ እኔ ዘንድ ነው፤ ዝገቱን ሳልነካ ዘይት ቀብቼ በጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ።