ምጣዱን ልሸከመው ወይስ ልሽጠው?

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አንዱ አራት ገጽ ሙሉ ነው። ጸሐፊዋ የሁለት ልጆች እናት ናት። ባለቤቷ ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ ከገባ አምስት ዓመት አልፎታል። አሁን የእሷና የልጆቿ ወረቀት አልቆ ጉዞው ሁለት ወር ቀርቶታል። ቤቷ ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ዕቃ ሁሉ ቤይሩት በሰው ቤት ሠርታ ባጠራቀመችው ገንዘብ የተገዛ ነው፤ ምጣድ፣ ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥን፣ ካውያ፣ የውሃ ማፍያ፣ ጁስ መፍጫ፣ የልብስ ስፌት መኪና። ባለቤቷ በስልክ «እዚህ ሁሉም አለ፤ አንድም ሳታስቀሪ ሸጠሽ ለትኬቱ አድርጊው» ይላታል። እናቷ ደግሞ «ፍሪጁን እንዳትነኪብኝ» ብለዋል፤ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፣ ኢንሱሊናቸው የሚቀመጠው እዚያው ነው። እሷስ? «የባሌ ቤት ቢሆንም ባዶ እጄን መግባቱ ከብዶኛል» ትላለች።

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ጥያቄሽ ስለ ዕቃ ይመስላል እንጂ ግማሹ ስለ ሌላ ነገር ነው። በቅድሚያ ግን ስለ ዕቃው እንነጋገር፤ እሱ ቁርጥ ያለ መልስ አለውና።

የእኛ አገር መብራት 220 ቮልት ነው፤ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፣ 50 ኸርዝ የሚባለው ይኸው ነው። የካናዳው፣ እንደ አሜሪካኑ ሁሉ፣ ግድግዳ ላይ ካለው ሶኬት የሚወጣው 120 ቮልት ሲሆን 60 ኸርዝ ነው። ስፒናውም አይገጥምም። ስፒናውስ ቀላል ነው፤ ትንሽ ማገናኛ ገዝቶ መሰካት ይቻላል። ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው፤ ስፒናው ስለገባ ዕቃው የሚሠራ ይመስለዋል። ማገናኛው ቅርጹን ይለውጣል እንጂ ጉልበቱን አይለውጥም። ከአሜሪካ የተላከ የቡና ማፍያ እዚህ ሰፈር ተሰክቶ ሲጨስ አይቻለሁ። ከዚህ ወደዚያ ሲሄድ ደግሞ አይቃጠልም፣ ይሰንፋል። በ220 ቮልት ሊግል የተሠራ ነገር 120 ሲሰጡት ግማሽ ያህል ይግላል ብለሽ እንዳታስቢ፤ ሙቀቱ ከሲሶ በታች ይወርዳል።

እንግዲህ ምጣዱን በዚህ አስቢው። የእኛ ምጣድ በአብዛኛው ከ3500 እስከ 4000 ዋት የሚጠጣ ነው። 120 ቮልት ላይ ሰክተሽ ሊጡን ብታፈሺበት ዓይን የሌለው፣ ድርቅ ያለ ቂጣ ነው የምታወጪው። ትራንስፎርመር ልግዛለት ብትይም አያዋጣም። የካናዳ ተራ ሶኬት 15 አምፔር ስለሆነ ቢበዛ 1800 ዋት ነው የሚሰጠው፤ ከዚያ ካለፈ ብሬከሩ ይወርዳል። ትራንስፎርመር ቮልቱን ከፍ ቢያደርገውም የሌለ ዋት ከየትም አያመጣም። «ኧረ እዚያም 220 አለ፣ የልብስ ማድረቂያው ሶኬት ላይ ይሰካል» የሚሉሽ ሰዎች ይኖራሉ። እውነት ነው፣ ለትልቁ የኤሌክትሪክ ምድጃና ለልብስ ማድረቂያው 240 ቮልት የሚገባባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። ነገር ግን ያ ፈቃድ ባለው ባለሙያ የሚሠራ ነገር ነው። በኪራይ ቤት፣ ባልሽም ሆነ የባልሽ ጓደኛ ገመድ ቀጥሎ የሚሞክረው ጨዋታ አይደለም። እሳት ቢነሳ ጠያቂው ብዙ ነው።

ሸክላውም በሻንጣ ከአዲስ አበባ ካልጋሪ ሳይሰነጠቅ ይደርሳል ብሎ ማሰብ ጀግንነት ነው። እዚያ ያሉ እናቶች መላ ካገኙ ቆይቷል። የኖርዌይ ሰዎች ሌፍሰ የሚሉትን ስስ ቂጣቸውን የሚጋግሩበት ክብ የኤሌክትሪክ መጋገሪያ አለ፤ በ120 ቮልት የሚሠራ ነው። ብዙ ሐበሻ እንጀራውን የሚያወጣው በእሱ ነው። ከእኛ ምጣድ ያንሳል፣ እንጀራውም ያንኑ ያህል ጠበብ ይላል፤ ዓይኑ ግን ይወጣል። ስለዚህ ምጣዱን ለእህትሽ ስጪያት ወይም ሽጪው። ሰፌድሽን መውሰድ ከፈለግሽ፣ ከሣር የተሠራ ስለሆነ ኤርፖርት ላይ ለጉምሩክ አስታውቂ፤ ዝም ብለሽ እንዳታልፊ።

የውሃ ማፍያውና ካውያው? በቃ፣ ተያቸው። ሁለቱም የሚግሉ ዕቃዎች ናቸው፣ የምጣዱ ነገር ይደርስባቸዋል። ጁስ መፍጫውም አይረባሽም።

ቴሌቪዥኑ ትንሽ ያከራክራል። ጀርባውን አዙረሽ የተጻፈውን ቁጥር ተመልከቺ። ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ 50 እና 60 ኸርዝ የሚል ከሆነ እዚያም ይበራል። የአዳዲሶቹ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥኖች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ይሁንና የሰሜን አሜሪካ የአንቴና ሥርጭት ከእኛው የተለየ ስለሆነ የአገሩን ጣቢያ በአንቴና አይዝልሽም፤ ከኢንተርኔት የሚመጣውን ብቻ ነው የሚያሳይሽ። ለዚህ ብለሽ መስታወት ተሸክመሽ ውቅያኖስ አትሻገሪ። ያው ቁጥር ግን በስልክሽ ቻርጀር፣ በላፕቶፕ፣ አንዳንዴም በፒያስትራ ላይ ታገኚዋለሽ። እነዚህን ያለ ምንም ትራንስፎርመር ውሰጃቸው፤ ማገናኛ ስፒና ይበቃቸዋል። ፓወር ባንክ ካለሽ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ እንዳታስገቢው፣ በእጅ ቦርሳሽ ነው የሚያዘው።

አሁን ወደ ልብስ ስፌት መኪናው ልምጣ። ባለቤትሽ «ሁሉንም ሽጪ» ሲል ይህችንም አብሮ ቆጥሯታል፤ እኔ ግን አልቆጥራትም። በደብዳቤሽ ላይ የሰፈሩን ሰው ልብስ እየሰፋሽ ልጆችሽን በእሷ እንዳስተማርሽ ጽፈሻል። ይህች ዕቃ አይደለችም፣ ሥራሽ ናት። ደግሞም ከዘረዘርሻቸው ሁሉ ለመንገዱ የምትመቸው እሷ ናት። የቤት ስፌት መኪና ሞተር ትንሽ ነው፤ ብዙውን ጊዜ 100 ዋት አካባቢ ነው። በዓይነቱም ለ50 እና ለ60 ኸርዝ ልዩነት ብዙም የማይጨነቅ ነው። ስለዚህ 120ውን ወደ 220 የሚያወጣ ከ200 እስከ 300 ዋት የሚችል ትንሽ ትራንስፎርመር ይበቃታል። የአንቺ እንደጻፍሽው ሞተሩ ከጎን በብሎን የታሰረላት ጥቁሯ ዓይነት ከሆነች ደግሞ ይብስ ቀላል ነው። ሞተሩን እዚሁ አስፈትተሽ ጭንቅላቷን ብቻ ይዘሽ ትሄጃለሽ፤ እዚያ የ120 ቮልት ሞተር ይታሰርላታል። ባለ ኮምፒውተሯ አዲስ ዓይነት ብትሆን ግን ሳታስመረምሪ እንዳትወስጃት እልሽ ነበር።

ክብደቷን አስቢበት። የብረት ጭንቅላት ከ12 እስከ 14 ኪሎ ይመዝናል። በዚህ መንገድ በብዛት ለአንድ ሰው የሚፈቀደው ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ነው፤ ትኬትሽ ላይ አረጋግጪ። ልጆችሽም የየራሳቸው ድርሻ ካላቸው ከስድስቱ አንዱን ሻንጣ ለእሷ ብትሰጪ ምን ትጎጃለሽ? መርፌ የሚይዘውን ክፍል በጨርቅ ጠቅልለሽ፣ ዙሪያዋን በልጆቹ ሹራብ አጥብቂው።

የወረቀቱም ነገር አይረሳ። ካናዳ ለመኖር የሚገባ ሰው ከመምጣቱ በፊት የራሱ የነበሩና የተገለገለባቸውን ዕቃዎች ያለ ቀረጥ ያስገባል። ዝርዝሩን ከነግምታቸው ጽፈሽ መግቢያው ላይ ለጉምሩክ ማቅረብ አለብሽ። በኋላ የሚላክልሽ ካለ እሱም በመጀመሪያው ቀን ዝርዝሩ ውስጥ መግባት አለበት። በነፃ ያስገባሽውን በ12 ወር ውስጥ ብትሸጪው ቀረጡን ትጠየቂያለሽ።

ፍሪጁ ላይ ከባለቤትሽ ጋር አልስማማም። መውሰዱስ የማይታሰብ ነው፤ እዚያ ኪራይ ቤት ፍሪጅና ምድጃ ብዙ ጊዜ ከቤቱ ጋር ይመጣል። ግን ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ መቀመጥ ያለበት መድኃኒት ነው። ፍሪጁን ሸጠሽ የምታገኚው ብር የትኬቱን ሩብ እንኳ መሙላቱን እጠራጠራለሁ፤ ከሄድሽ በኋላ ግን ለእናትሽ ሌላ ፍሪጅ መግዣ መላካችሁ አይቀርም፣ ያውም በአዲስ ዋጋ። ለባለቤትሽ ይህን ሒሳብ በስልክ ንገሪው። «እናቴ አለቀሰች» ብለሽ ሳይሆን ቁጥሩን አስቀምጠሽ ንገሪው። አምስት ዓመት ብቻውን የኖረ ሰው ሁሉን ነገር በትኬት ዋጋ ቢለካ አልፈርድበትም። የአንቺን ዕቃ በሌለበት አንቺው እንደገዛሽው ግን ማስታወስ አለበት። ምጣዱን፣ ቴሌቪዥኑንና የቀረውን ሸጠሽ ለትኬቱ ስትሰጪም ከቤይሩት ላብሽ መሆኑን ሳትሸሽጊ ስጪው። ባዶ እጄን ገባሁ ማለት የለም።

ሽያጩን ዛሬ ነገ አትበይ። ልትሄጂ መሆንሽ ሰፈሩ ውስጥ ከተሰማ ገዢ ሁሉ የመጨረሻውን ሳምንት ነው የሚጠብቅሽ፤ ያኔ ለቆራሌው እንደመስጠት ነው። ቴሌቪዥኑን አሁኑኑ ሽጪ። ምጣዱን የምትሸጪው ከሆነ ግን የመጨረሻው ሳምንት ላይ አድርጊው፤ እስከዚያ እንጀራ ትበላላችሁ።

ሌሎች ተመሳሳይ ጥያቄ የላካችሁልኝም አላችሁ፤ ባጭሩ ልመልስ። እስራኤልና ጀርመን መብራታቸው 230 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ስለሆነ የእኛ ዕቃ ይሠራል። በጀርመን ስፒናውም ብዙ አያስቸግርም። እንግሊዝና ዱባይ ጉልበቱ ይስማማል፤ ስፒናው ግን ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ነው። ሳዑዲ 230 ቮልት ቢሆንም 60 ኸርዝ ነውና ሞተር ያለበትን ዕቃ ከመውሰዳችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ። ዶሮ ወጥ በማይክሮዌቭ ስለማሞቅ የጠየቅሽኝ የመገናኛዋ ልጅ፣ ያንቺን በሚቀጥለው ሳምንት።