የተሰወረውን ሰርቨር ማን ይጠብቀው?

ከካናዳዋ ካልጋሪ ከተማ አቅራቢያ እ.ኤ.አ. በ1955 የተወለዱት ጄምስ ጎስሊንግ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳሉ ለካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ክፍል ከሳተላይት የሚደርስን መረጃ የሚተነትን ፕሮግራም ይጽፉ ነበር። በ1977 ከዚያው ዩኒቨርሲቲ ተመረቁ፤ በ1995 ይፋ የሆነውን የጃቫ ቋንቋ የፈጠሩትም እርሳቸው ናቸው።

በጃቫ ከተጻፉት የመረጃ ቋቶች አንዱ፣ አይቢኤም በ2004 ለአፓቺ ያበረከተው ደርቢ፣ በሌላ ፕሮግራም ሆድ ውስጥ ተሸሽጎ መሥራት ይችላል። ለአንዲት የመድኃኒት መደብር የተሠራ የሽያጭ ፕሮግራም ሰርቨሩን በውስጡ ይዞ ከመጣ፣ ባለሙያ ጠርቶ ዳታቤዝ ማስተከል አያስፈልግም። ይህ ቀላል ጸጋ አይደለም።

ችግሩ አነሳሱ ላይ ነው። የማስጀመሪያው ትእዛዝ ሰርቨሩን ከበስተጀርባ ቀስቅሶ ወዲያው ይመለሳል፤ መመለሱ ግን ሰርቨሩ ተነሥቷል ማለት አይደለም። ብዙ ፕሮግራመሮች እዚህ ላይ «አምስት ሰከንድ ጠብቅ» ብለው ያልፋሉ። አምስት ሰከንድ በገንቢው አዲስ ላፕቶፕ ላይ ይተርፋል፤ በመደብሩ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ላይበቃ ይችላል። መፍትሔው ግምት ሳይሆን ጥያቄ ነው፤ ደርቢ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ «አለህ ወይ?» የሚል ትእዛዝ አለው። ምላሽ እስኪገኝ ደጋግሞ መጠየቅ፣ ገደቡ ሲያልፍም ለተጠቃሚው በግልጽ መናገር ይገባል። ያም ሆኖ ሰርቨሩ መልስ ሰጠ ማለት ቋቱ ተከፈተ ማለት አይደለም። ቋቱ በተለምዶ የሚከፈተው የመጀመሪያው ግንኙነት ሲመጣ ነው፤ መብራት በድንገት ጠፍቶ ከነበረም ደርቢ ያልተቋጨውን ሥራ ከመዝገቡ አንብቦ የሚያስተካክለው ያን ጊዜ ነው። መብራት በሚመላለስበት አገር ይህን መዘግየት እንደ ብልሽት ቆጥሮ ፕሮግራሙን በኃይል መዝጋት ማስተካከያውን እንደገና ማስጀመር ነው።

ሠራተኛዋ ፕሮግራሙን ሁለት ጊዜ ብትከፍትስ? ሁለተኛው ቅጂ 1527 ቁጥር ፖርት ተይዞ ያገኘዋል። አስተዋይ ፕሮግራም በቦታው ያለው የራሱ ሰርቨር መሆኑን አረጋግጦ ከእርሱ ጋር ይገናኛል እንጂ ለመረዳት በሚያዳግት የስህተት ጽሑፍ አያስደነግጣትም። (ደርቢ ራሱ፣ ቋቱን በሰላም ዘግቶም ቢሆን፣ መዘጋቱን በስህተት መልክ ማሳወቁ የታወቀ ነው።)

ከሁሉም የሚያሳስበው ጥበቃው ነው። ሰርቨሩ በተፈጥሮው የሚያዳምጠው ያንኑ ኮምፒውተር ብቻ ቢሆንም የይለፍ ቃል አይጠይቅም። ገንቢው ለሁለተኛ ኮምፒውተር ሲል ፖርቱን ለኔትወርክ ከፍቶ የይለፍ ቃሉን ከዘነጋ፣ የደንበኞች የመድኃኒት ታሪክ በዚያው ኔትወርክ ላይ ላለ ሁሉ ክፍት ይሆናል፤ ባለመደብሩ ደግሞ በቤቱ ሰርቨር መኖሩን እንኳ አያውቅም።