ድልድይ ሲለወጥ የሜዳው መሬት አስቀድሞ ይመርመር

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና፤ በዓባይ ወንዝ ላይ የተሠራው አዲስ ድልድይ በግንቦት ወር 2016 ዓ.ም ተመርቆ ተከፍቷል። ርዝመቱ 380 ሜትር፤ ስፋቱ 43 ሜትር ነው። ከስድሳ ዓመት ያህል ጀምሮ ሲያገለግል የኖረውን ጠባብ ድልድይ ሸክም ያቀለለ፤ እጅግ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ነገር ግን ጎዳናው በዓባይ ላይ ከሰፋ ዘንድ ጭነቱ ወደ ፊት ሲገፋ፤ በፎገራ ሜዳ ላይ ያሉት የጉማራና የርብ ድልድዮችም ተለውጠው የሚሠሩበት ተራ መድረሱ አይቀርም። ያን ጊዜ የሚነሣው ጥያቄ የመሐንዲሱ ብቻ አይሆንም፤ የአራሹና መሬትን ሊያስተዳድሩ የተሾሙት ሰዎች ጥያቄ ጭምር ነው።

ዓባይ ከጣና ሲወጣ ጠባየ መልካም ውሃ ነው። ሐይቁ ደለሉን ያስቀርለታል፤ ከ1988 ዓ.ም ወዲህም የጨራ ጨራ ግድብ አወጣጡን ይመጥነዋል። ጉማራና ርብ ግን እንዲህ አይደሉም። ሁለቱም ከጉና ተራራ ተነሥተው፤ ዳገት ለዳገት የታረሰውን አፈር እየጠረጉ ይወርዳሉ፤ ሜዳው ላይ ሲደርሱም ጉልበታቸው ስለሚደክም የተሸከሙትን እዚያው ይጥሉታል። ስለዚህ የወንዙ ወለል ከፍ ይላል፤ በድልድዩ ሥር ያለው ክፍተት ያንሳል፤ ውሃውም ከመውረጃው ወጥቶ በእርሻ ላይ ይተኛል። በ1998 ዓ.ም ክረምት በፎገራና በሊቦ ከምከም ብዙ ሕዝብ ከቤቱ ያስወጣው ጎርፍ የተረሳ አይደለም። ከዚያ ወዲህ በርብ ላይ ግድብ መሠራቱ እውነት ነው፤ ሆኖም ከግድቡ በታች የሚገቡት ጅረቶች ልጓም የላቸውም፤ የጉማራም ነገር ለብቻው ነው።

ዋናው ነገር እንዲህ ነው። ወንዞቹ ከምሥራቅ ወደ ሐይቁ ወደ ምዕራብ ሲወርዱ፤ ጎዳናው ሜዳውን ከደቡብ ወደ ሰሜን ያቋርጣል። ስለዚህ ወደ ድልድዩ የሚያደርሰው የአፈር ሙሌት፤ ማንም ግድብ ብሎ ባይጠራውም፤ በጎርፍ ጊዜ ግድብ ይሆናል። አዲሱ ድልድይ ለከባድ ተሽከርካሪ እንዲመች ከፍ ብሎ ሲሠራ ሙሌቱም አብሮ ከፍ ይላል። በምሥራቅ ያለው ሩዝ ከቁመቱ በላይ ውሃ ይተኛበታል፤ በምዕራብ ያለው እርሻ ደግሞ በየዓመቱ የሚያገኘውን ለም ደለል ያጣል። ሩዝ ውሃ ይወዳል የሚለው አነጋገር እውነት ቢሆንም፤ ውሃው በጊዜው ካልሸሸ ከሩዙ በኋላ በእርጥበቱ የሚበቅለው ጓያና ሽምብራ ሳይዘራ ይቀራል። ባለይዞታው በአንድ ዓመት ሁለት አዝመራ ያጣል ማለት ነው።

ለዚህ መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ድልድዩ የወንዙን አፍ ብቻ ሳይሆን የሜዳውን ውሃ ተመልክቶ ይለካ፤ በሙሌቱም ውስጥ ጎርፉ የሚያልፍባቸው ሰፋፊ ማሳለፊያዎች በየስፍራው ይከፈቱ። ወጪ ይጨምራል የሚል ይኖራል፤ በእርግጥ ይጨምራል። ነገር ግን ያ ወጪ ከመንግሥት ሣጥን ካልወጣ ከአራሹ ጎተራ ይወጣል፤ ከጎተራው የሚወጣውን ደግሞ በመዝገብ የሚጽፈው የለም።

በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት፤ የእርሻ መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም ለዘለቄታው ተወስዶበት ምትክ ያላገኘ ባለይዞታ፤ በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ካገኘው ዓመታዊ ገቢ ከፍተኛው ተይዞ በ15 ተባዝቶ ይከፈለዋል። በፊት በነበረው በአዋጅ ቁጥር 455/1997 የአምስት ዓመቱ አማካይ ገቢ በ10 ይባዛ ስለነበረ፤ የአሁኑ የተሻለ ነው። ይሁን እንጂ ገማቹ የሚለካው መንገዱ የሚያርፍበትን መሬት ነው። መሬቱ ያልተነካበት ጎረቤት ውሃ የሚተኛበት በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ክረምት፤ ገማቾቹ ከተበተኑና ሥራ ተቋራጩ ዕቃውን ጭኖ ከሄደ በኋላ ነው። የወረዳ ሹም ለዚህ ሰው ሊደርስለት የሚችለው ከሥራው በፊት ነው።

የአፈሩም ነገር ችላ የሚባል አይደለም። የፎገራ ዋልካ ሲረጥብ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ለመንገድ ሙሌት አይሆንም። ተቆፍሮ ዳር ይጣልና በምትኩ ከኮረብታው ገረጋንቲ ይመጣል። እንዲህ በመሆኑ ሁለት መሬት ባንድ ጊዜ ይጎዳል፤ የተጣለው ዋልካ የጎረቤትን ቦይ ይደፍናል፤ የተቆፈረውም ኮረብታ ሜዳው ውሃ ሲውጠው ከብት የሚወጣበት ደረቅ ስፍራ ሊሆን ይችላል። ዋልካው ግን እርሻ እንጂ ጥራጊ አይደለም። አፈሩ በታጠበበት ማሳ ላይ እንዲበተን በውሉ ውስጥ አስቀድሞ ቢጻፍ፤ የሚጠይቀው ጥቂት የመኪና ምልልስ ብቻ ነው። ካባው የሚከፈትበትንም ስፍራ ሥራ ተቋራጩ ሳይሆን ወረዳው ከግጦሹ ተጠቃሚዎች ጋራ መክሮ ሊያሳየው ይገባል።

ድልድዩ ካለቀ በኋላ በሁለቱ አፎቹ ሱቅና መጋዘን መሰለፉ የታወቀ ነው። በሜዳው ላይ ይህ ከሆነ እያንዳንዱ ባለ ሱቅ ደጁን በአፈር ስለሚሞላ፤ ብዙ ገንዘብ የወጣባቸው ማሳለፊያዎች በጥቂት ዓመት ይደፈናሉ። የመሬት አጠቃቀም ዕቅዱ ሕንፃ የሚፈቀድበትንና የማይፈቀድበትን በችካል ሊለይ የሚገባው የመጀመሪያው ቆርቆሮ ሳይተከል ነው።

ቀያሾች እንደ ልማዳቸው በጥር ወይም በየካቲት ይመጣሉ። ያን ጊዜ ሜዳው እንደ አውድማ ደርቆ ስለሚገኝ ውሃ የሚያውቀው አይመስልም። የወረዳው የግብርናና የመሬት ሹማምንት የድልድዩ መስመር ከመቆረጡ በፊት ቢያንስ አንድ ነሐሴ ቀያሾቹን ይዘው ከሁለቱም ዳርቻ ካሉት አራሾች ጋራ ቢሄዱ፤ ውሃው የደረሰበትን ምልክት በዛፉና በቤቱ ግድግዳ ላይ ያገኙታል። ያም ምልክት በካርታው ላይ ይግባ፤ ካርታውም ከጨረታው ሰነድ ጋራ ይያያዝ።