ገና መቼ ነው? ለፕሮግራሙ ንገሩት!

«ፈታሽ» ሲባል ትዝ የሚለን በር ላይ ኪስ የሚዳብሰው ሰው ነው፣ አይደል? የሶፍትዌር ፈታሽ፣ ማለትም ቴስተር፣ ሥራው ሌላ ነው፤ ፕሮግራሙ ሰው እጅ ሳይገባ የት ጋ እንደሚሳሳት አድኖ መያዝ።

እስቲ በላሊበላ እንሞክረው። አንድ የአልጋ መያዣ ፕሮግራም «ገና ሁልጊዜ ታኅሣሥ 29 ነው» ብሎ ቀኑን ቢቆልፍስ? ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ በሚገባው ዘመነ ዮሐንስ ገና ታኅሣሥ 28 ይውላል፤ በ2012 ዓ.ም. እንደዋለው። እንግዳው «ጠዋት 2 ሰዓት እደርሳለሁ» ሲል ፕሮግራሙ ሌሊት 8 ሰዓት አድርጎ ቢመዘግበውስ? ኮዱ ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ ተሳላሚው ግን ደጅ ያድራል።

ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል። የዘመን አቆጣጠራችንና የሰዓት ልማዳችን ግን በየፕሮግራሙ ዛሬም ጠበቃ ይፈልጋሉ።

የላስታ የባሕረ ሐሳብ ተማሪ የበዓላቱን ስሌት በቃሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ጎበዝ፣ ፈታሽ የሆናችሁ ሁሉ፣ ከወንበራችሁ ተነሡና ጠይቁት። ያገኛችሁትንም ስሕተት በአማርኛ ጻፉት። በእንግሊዝኛ ሪፖርት ውስጥ ተቀብሮ የቀረ እውቀት ከኋላ ለሚመጣው ልጅ አይደርሰውም። የእኔ አቋም ይኸው ነው፤ የእናንተስ?