አበበ ቢቂላ ውድድር ያቆመው መቼ ነው?

በጉለሌ ተወልዶ ላደገ ሰው መሬት ማለት ዳገትና ቁልቁለት ነው። ሜዳ የሚባለውን ነገር የምናውቀው በስም ብቻ ነው፤ ሽሮ ሜዳ እንኳ ሜዳ አይደለም። ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ ወደ እንጦጦ የሚወጣው መንገድ ማለዳ ማለዳ በሁለት ዓይነት ሰዎች ይሞላል። አንደኞቹ ወደ ሥራና ወደ ትምህርት ቤት የሚጣደፉ ናቸው። ሌሎቹ ደግሞ ቱታ ለብሰው፣ እንፋሎት እየተነፈሱ፣ ነገ ስማቸው በዓለም አደባባይ እንደሚጠራ እያለሙ ሽቅብ የሚሮጡ ወጣቶች ናቸው።

እኔ ግን ዛሬ ልጽፍላችሁ የተነሣሁት በዚያው መንገድ ላይ ስለማየው ሦስተኛ ዓይነት ሰው ነው። ስሙን አልጠራውም፤ ጎረቤቴ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በቀን ሥራ ከሚሠራበት ሕንፃ ወድቆ አከርካሪው ተጎዳ። ከወገቡ በታች አይታዘዝለትም። ከወገቡ በላይ ግን ክንዱ የአንጥረኛ ክንድ ነው። በአሮጌ ዊልቸር ዳገቱን በገዛ እጁ ይወጣል፤ «ልግፋህ» ያለውን ሁሉ «አመሰግናለሁ፣ እችላለሁ» ብሎ ይመልሳል።

አንድ ቀን ማለዳ ከዳገቱ ወገብ ላይ ቆሞ ላቡን ሲጠርግ ደረስኩበት። ከእርሱ አምስት እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ አንድ ሯጭም ቆሞ፣ ጉልበቱን ይዞ ያለከልካል። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ አንዲት እናት መጡ። ሯጩን አዩትና «ጎበዝ፣ በርታ ልጄ» አሉት። ጎረቤቴን አዩትና ከንፈራቸውን መጥጠው ጭኑ ላይ ብር አስቀምጠውለት አለፉ። ሁለቱም የወጡት አንድ ዳገት ነው፤ ሁለቱም ያላቡት አንድ ዓይነት ላብ ነው። አንዱ አትሌት ተባለ፤ ሌላው ምጽዋት ተቀበለ።

በእናቲቱ አልፈርድም። ያደረጉት ከደግነት ነው። የምከስሰው ያንን ደግነት ያስተማራቸውን፣ እኔንም አንተንም አንቺንም ጭምር ያሳደገንን አስተሳሰብ ነው።

የዚያኑ ዕለት ማታ ቤቱ ሄጄ ስልኬን አውጥቼ የቦስተን ማራቶንን የዊልቸር ውድድር አሳየሁት። የማርሴል ሁግን፤ የስዊዘርላንዱን ሰው። ሁግ እ.ኤ.አ. በ1986 ሲወለድ ጀምሮ አከርካሪው ያልተሟላ ሰው ነው። በ2024 በቦስተን መታጠፊያ ላይ ከአጥር ጋር ተጋጭቶ ወደቀ፤ ተነሣ፤ ቀጠለ፤ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩንም በ1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ33 ሰከንድ ጨርሶ የራሱን የቦታውን ክብረ ወሰን ሰበረ። ጎረቤቴ ደጋግሞ አየው። ብዙ ጊዜ ዝም አለና አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ።

«ጋሼ፣ አበበ ቢቂላም መጨረሻ ላይ በዊልቸር ነበር አይደል? እሱስ ተወዳድሮ ያውቃል?»

ያውቃል። እኔ ግን ይህን የተማርኩት በትምህርት ቤት አይደለም፤ እናንተም ብዙዎቻችሁ አልተማራችሁትም። የአበበን ታሪክ ስንተርክ ሁላችንም አንድ ዓይነት መቀስ እንጠቀማለን። ጳጉሜን 1952 ዓ.ም.፣ ሮም፣ ባዶ እግር፣ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። ጥቅምት 1957 ዓ.ም.፣ ቶኪዮ፣ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ፣ ከድሉ በኋላ ሜዳው ላይ የሠራው ጂምናስቲክ። ከዚያም መጋቢት 1961 ዓ.ም.፣ ቮልስዋገኗ መኪናው፣ አደጋው። ከዚያ በኋላ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን፣ «አይ ሰው ከንቱ» ብለን፣ ወደ ቀብሩ እንዘላለን። በመካከሉ ያሉት አራት ዓመት ከመንፈቅ ከመጽሐፉ የተቀደዱ ገጾች ናቸው።

እነዚያን ገጾች እንመልሳቸው። አበበ ከአደጋው በኋላ በእንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ስምንት ወር ታከመ። መጀመሪያ አንገቱን እንኳ ማንቀሳቀስ አይችልም ነበር፤ በኋላ እጆቹ ተመለሱለት። ያ ሆስፒታል እንደ ሌላው ሆስፒታል አልነበረም። ሐኪሙ ሉድቪግ ጉትማን እ.ኤ.አ. በ1948 የአከርካሪ ጉዳተኞችን ውድድር የጀመረበት፣ ስፖርት የሕክምናው አካል የሆነበት ስፍራ ነው፤ የዛሬው ፓራሊምፒክ የተወለደውም ከዚያ ነው። አበበም ቀስት አነሣ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1970 በስቶክ ማንደቪል ጨዋታዎች በቀስት ዒላማና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በሚያዝያ 1971 ወደ ኖርዌይ በእንግድነት ተጠርቶ ሄደ፤ ነገር ግን እንግድነቱ አልበቃውም። በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ከመወዳደሩም ሌላ፣ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ላይ ጋሪ አገር አቋራጭ ውድድር ገብቶ በ1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ አሸነፈ። በረዶ የማያውቅ አገር ልጅ፣ እግሩ የማይታዘዝለት፣ በበረዶ ላይ አንደኛ ወጣ!

ይህ ሰው ውድድር ያቆመው መቼ ነው? እኛ 1961 ዓ.ም. ላይ አስቆምነው። እርሱ ግን አላቆመም ነበር። ድሉንም አደጋውንም የእግዚአብሔር ፈቃድ ብሎ በአንድ ልብ የተቀበለውን ሰው፣ እኛ በግማሽ ልብ ተቀበልነው፤ የሮጠውን ወስደን የተቀመጠውን አለቀስንለት።

አሁን ሁለት ቀኖችን ጎን ለጎን እናስቀምጥ። አበበ ያረፈው በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ነው፤ በ41 ዓመቱ። በሚያዝያ 1967 ዓ.ም. ቦብ ሆል የተባለ አሜሪካዊ የቦስተን ማራቶንን አዘጋጆች በዊልቸር ልወዳደር ብሎ ጠየቃቸው። ከሦስት ሰዓት በታች ከገባህ ምስክር ወረቀት እንሰጥሃለን አሉት። በ2 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ገባ፤ ተሰጠውም። በይፋ የታወቀው የዊልቸር ማራቶን ታሪክ እንዲህ ጀመረ። በሁለቱ ቀኖች መካከል ያለው አንድ ዓመት ከመንፈቅ ብቻ ነው። የማራቶን ንጉሥ ከዊልቸር ማራቶን ጋር ሳይገናኝ የቀረው በአንድ ዓመት ከመንፈቅ ነው! ይህንን ሳስብ ያንገበግበኛል። ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ግን ከዚያ ወዲህ ያለፈው ግማሽ ምዕተ ዓመት ነው፤ እርሱ በሞት ተቀደመ፤ እኛ ምን ቀደመን?

እዚህ ላይ የሚነሡትን ተቃውሞዎች አውቃቸዋለሁ፤ በየቡና ቤቱ ሰምቻቸዋለሁ።

የመጀመሪያው «የሚሮጠው ወንበሩ እንጂ ሰውዬው አይደለም» የሚለው ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች የውድድር ዊልቸርን አላዩም። ከኋላ ሁለት ትልልቅ ጎማ፣ ከፊት በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ አንዲት ትንሽ ጎማ አለው። ሞተር የለውም። ማርሽ የለውም፤ ደንቡ ይከለክላል። ተወዳዳሪው ጎንበስ ብሎ፣ ጠንካራ ጓንት አጥልቆ፣ ከጎማው ጋር የተያያዘውን ቀለበት በቡጢ እየመታ ይገፋል። ሁግ በቦስተን ያስመዘገበው ሰዓት በአማካይ በሰዓት ከ33 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አበበ በሮም ከፈጀው በአንድ ሰዓት ገደማ ያነሰ ማለት ነው። ይህን ሁሉ የሚሸከሙት ትከሻ፣ ክንድና ሳንባ ናቸው። ሳንባ ደግሞ በእንጦጦ አየር እንዴት እንደሚሠራ ለኢትዮጵያዊ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

ሁለተኛው «ይህ የሀብታም አገር ስፖርት ነው» የሚለው ነው። ይህ እውነትነት አለው፤ አልክድም። ጥሩ የውድድር ዊልቸር በሺዎች በሚቆጠር ዶላር ይሸጣል። አበበም ወደ ስቶክ ማንደቪል የደረሰው ስመ ጥር ስለነበረ ነው፤ ለጎረቤቴ የሚነሣ አውሮፕላን አልነበረም። ነገር ግን ጥያቄ አለኝ። በሮም ባዶ እግሩን የሮጠን ሰው ለግማሽ ምዕተ ዓመት «መሣሪያ የሌለው ሰው ያሸንፋል» ለማለት ስንጠቅስ ኖረን፣ ዛሬ መሣሪያ የለንም ብለን የምንቀመጠው ለምንድን ነው? ደግሞስ ደቡብ አፍሪካዊው ኧርንስት ቫን ዳይክ ቦስተንን አሥር ጊዜ ያሸነፈው ከየትኛው አህጉር ተነሥቶ ነው? አንድ የውድድር ወንበር ለአንድ ሰው ውድ ነው፤ ለአንድ ከተማ ግን ውድ አይደለም። በአንድ የሥልጠና ቦታ የሚቀመጡ ጥቂት ወንበሮች ተራ በተራ ብዙ ልጅ ያሠለጥናሉ።

የገንዘብ ችግር ነው የምንለው የአስተሳሰብን ችግር ለመሸፈን እንደሆነ የማውቀው ገንዘብ ሲገኝም ምን እንደምናደርግ ስለማይ ነው። ዊልቸር በእርዳታ ሲታደል አይታችኋል። አዳራሽ፣ ባነር፣ ንግግር፣ ካሜራ። ተቀባዮቹ በተርታ ይቀመጣሉ፤ ለጋሹ ከወንበሩ ጀርባ ቆሞ ፎቶ ይነሣል። ስጦታው አይናቅም፤ ለብዙዎች ከቤት መውጫ በር ነው። ነገር ግን ከዚያ አዳራሽ ውስጥ «ከእናንተ መካከል መወዳደር የሚፈልግ ማነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ሯጭ ጫማ ሲሰጠው «ከዚህ ጋር ወዴት ትደርሳለህ?» ይባላል፤ ዊልቸር የሚሰጠው ሰው ግን «አመስግን» ይባላል። የአንዱ መሣሪያ መነሻ ነው፤ የሌላው ግን መድረሻ ተደርጎ ተቆጥሯል።

ሦስተኛው ተቃውሞ «እኛ ፓራሊምፒክ ላይ ሜዳሊያ አምጥተን የለም ወይ?» የሚለው ነው። አምጥተናል፤ ደስም ብሎኛል። ኢትዮጵያ በፓራሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳተፈችው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ወንድዬ ፍቅሬ በ2012 በለንደን ብር፣ ታምሩ ደምሴ በ2016 በሪዮ ብር፣ ትዕግስት ገዛኸኝ በቶኪዮ የመጀመሪያውን ወርቅ አመጡልን፤ በ2024 በፓሪስም ትዕግስትና ያየሽ ጌቴ ወርቅ አጠለቁ። ልብ ብላችሁ እዩ፤ እነዚህ ጀግኖች የእጅ ጉዳት ወይም የዓይን ጉዳት ያለባቸው፣ በእግራቸው የሮጡ ናቸው። እግር ያለበት ቦታ ድረስ የሩጫ ባህላችን ተሸክሞናል። እግር ያበቃበት ቦታ ላይ ግን ባህላችንም አበቃ። ከዚያ ወዲያ የሚያሻግር ሌላ ድልድይ፣ ማለትም አሠልጣኝ፣ ወንበር፣ መንገድ፣ ውድድር፣ መሥራት ነበረብን።

ሕግ ጎድሎን አይደለም። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች መግቢያና መገልገያ እንዲኖራቸው ያዛል። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2010 የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጽድቃለች፤ የስምምነቱ 30ኛ አንቀጽ አካል ጉዳተኞች በስፖርት የመሳተፍ መብት እንዳላቸው ይናገራል። መብት ይላል፤ ምጽዋት አይልም።

ስለዚህ የምጠይቀው ጥቂት ነገር ነው። በከተማችን የሚካሄድ የጎዳና ሩጫ ሁሉ የዊልቸር ውድድር ይኑረው፤ ለትዕይንት ሳይሆን በሰዓት የሚለካ፣ ሽልማትም ያለው። የለንደን ማራቶን እ.ኤ.አ. በ2024 ለዊልቸር አሸናፊዎች ከሯጮቹ እኩል ሽልማት ከፍሏል፤ እኛም ይህን ለመጀመር የለንደንን ያህል ሀብታም እስክንሆን መጠበቅ የለብንም፤ ትንሹንም እኩል ማካፈል ይቻላል። አትሌት የሚያሠለጥኑ ክለቦች አንድ አሠልጣኝና ጥቂት የውድድር ወንበሮች ይመድቡ። መምህራንም የአበበን ታሪክ ሲያስተምሩ እስከ ኖርዌይ ድረስ ያስተምሩ። ይህ የመጨረሻው አንዲት ሳንቲም አያስወጣም፤ የሁሉም መጀመሪያ ግን እርሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1972 በሙኒክ ኦሊምፒክ መክፈቻ አበበ በክብር እንግድነት በዊልቸር ሲገባ ስታዲየሙ ብድግ ብሎ አጨበጨበለት። የዚያን ዓመት የማራቶን አሸናፊ ፍራንክ ሾርተርም ወርቁን ከተቀበለ በኋላ ሄዶ እጁን ጨበጠው። ከንፈር አልመጠጠም፤ ጭኑም ላይ ምንም አላስቀመጠም። ባልደረባ ባልደረባውን እንደሚጨብጥ ጨበጠው። እኔ ለጎረቤቴ የምመኝለት ያንን የእጅ ሰላምታ ነው።

ያን ምሽት ይህን ሁሉ ስነግረው ጎረቤቴ አላለቀሰም፤ አልሣቀምም። እጆቹን ገልብጦ መዳፎቹን አየ፤ ከዳገቱ የተረፈው ቁስል ጠጥሯል። ከዚያም «ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩንም?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት መልስ ስላገኘሁ ሳይሆን ጥያቄውን ብቻዬን መሸከም ስላልፈለግሁ ነው።

በማግስቱ ማለዳ ዳገቱ ላይ አየሁት። ሰዓት አስሮ ነበር።

ቸር ይግጠመን።