ለዕድር የሚዘረጋ እጅ ለማኅበር ለምን ይታጠፋል?

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እየተባልን አድገናል። ታዲያ አንበሳው እስከ ዛሬ ያልታሰረው ለምን ይመስላችኋል? ድሩ መዋጮውን ስላልከፈለ ነው!

ቀልዴን አይደለም። ነገሩ ወዲህ ነው። በቅርቡ አንድ የሙያ ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ ጠርቶ እኔም ሄድኩ። ስሙ ይቅርብኝ፤ አባል ነኝና ከኃጢአቱ ድርሻ አለኝ። ጥሪው ለጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር። እስከ አራት ሰዓት ባዶ ወንበር ስንቆጥር ቆየን። በመጨረሻ ሰብሳቢው ተነሱና «ምልዓተ ጉባኤው ስላልሞላ በደንባችን መሠረት ለሁለተኛ ጊዜ እንጠራለን» ብለው አሰናበቱን። ስንወጣ አጠገቤ የነበረውን ባልደረባዬን «የዓመቱን መዋጮ ከፍለሃል?» ብለው፣ «ኧረ ተወኝ እባክህ! ማኅበሩ ምን አደረገልኝ?» አለኝ። ወዲያው ሰዓቱን አየና «በል ቸኩያለሁ፤ የዕድር ስብሰባ አለብኝ፤ ከቀረሁ ይቀጡኛል» ብሎ ጥሎኝ ሮጠ።

ሲሮጥ እያየሁት አንድ ሰው ትዝ አለኝ። የዚያው ማኅበር አባል ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት «ያላየሁትን ሥራ አይቻለሁ ብዬ አልፈርምም» በማለቱ ከመሥሪያ ቤቱ ተባረረ። ያደረገው ሙያው ያዘዘውን ነው። ወደ ማኅበሩ መጣና «ጠበቃ አቁሙልኝ» አለ። የማኅበሩ ካዝና ሲፈተሽ የጠበቃው ቀርቶ የመዝገብ ማስከፈቻው አልተገኘበትም። ታዲያ ምን ተሰጠው? ባለማኅተም የአጋርነት ደብዳቤ! እሷን በኪሱ ይዞ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ከረመና ሙያውን እርግፍ አድርጎ ተወ። የተሸነፈው እሱ ብቻ አይደለም። ከእሱ ወዲህ በዚያ መሥሪያ ቤት «አልፈርምም» የሚል ደፋር የሚገኝ ይመስላችኋል?

«ማኅበሩ ምን አደረገልኝ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው። ባልከፈልነው ገንዘብ ምን እንዲያደርግልን ኖሯል?

መቼም በእኛ አገር የማኅበር ሬሳ በወጣ ቁጥር ጣታችን የሚቀሰረው ወደ መንግሥት ነው። ያለ ምክንያትም አይደለም። ግን ገዳዩን ከመርገም ባሻገር እስቲ የገባበትን በር እንመልከት። እኔ ሦስት በሮች ይታዩኛል።

አንደኛው በር የሰው ገንዘብ ነው። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በ1987 ዓ.ም. ተመሥርቶ ጠበቃ ማቆም ለማይችሉ ሴቶች በነፃ ሲደርስ የኖረ ማኅበር ነው። በ2001 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 621 መጣ። በሰብአዊ መብት ጉዳይ የሚሠራ ድርጅት ከውጭ የሚያገኘው ገንዘብ ከገቢው አሥር በመቶ እንዳይበልጥ ተደነገገ። በ2002 የማኅበሩ የባንክ ሒሳብ ታገደ። ማን ተጎዳ? በየፍርድ ቤቱ ደጅ የቀሩት እነዚያ ሴቶች ናቸዋ! አዋጁ ግፍ ነበር፤ ይህን ለማለት ምላሳችን አይያዝም። ነገር ግን አዋጁን ያረቀቁት ሰዎች አንድ ነገር አሳምረው ያውቁ ነበር፤ የእኛ ማኅበራት ሥራቸው የተተከለው በአባላት ኪስ ሳይሆን በለጋሽ ቢሮ መሆኑን! ስለዚህ መጥረቢያውን እዚያው ላይ አሳረፉት።

ሁለተኛው በር ሌላ ሰው የሚሰበስብልን መዋጮ ነው። የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር በ1941 ዓ.ም. የተመሠረተ አንጋፋ ማኅበር ነው። መዋጮው ከመምህሩ ደመወዝ ላይ በአሠሪው እጅ እየተቆረጠ ይገባለት ነበር። ደስ ሲል! ደረሰኝ ይዞ መዞር የለ፣ ልመና የለ። ከ1983 በኋላ ማኅበሩ ከመንግሥት ጋር ሲጋጭና በዚያው ስም ሌላ ማኅበር ሲቆም ግን ከደመወዝ የሚቆረጠው ገንዘብ ወደ አዲሱ ዞረ። የነባሩ ማኅበር ፕሬዚዳንት ዶክተር ታዬ ወልደሰማያት በ1988 ታሰሩ። ከመሪዎቹ አንዱ አቶ አሰፋ ማሩ በሚያዝያ 1989 እዚሁ አዲስ አበባ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። በ2000 ዓ.ም. ደግሞ በመጨረሻው ፍርድ ስሙም ንብረቱም ለሌላኛው ወገን ሆነ። ሰው በጥይት በወደቀበት ጉዳይ ላይ «ጥፋቱ የአሠራር ጉድለት ነው» የምል ደንቆሮ አይደለሁም። የምለው ይህን ነው፤ የቧንቧው መዝጊያ በሌላ ሰው እጅ ያለ ማኅበር የሚጠጣው ውሃ የራሱ አይደለም።

ሦስተኛው በር የእኛው የጋዜጠኞቹ ገበና ነው። የኢትዮጵያ ነፃ ጋዜጠኞች ማኅበር በ1985 ዓ.ም. ተቋቁሞ ጋዜጠኛ በታሰረ ቁጥር ሲጮህ የኖረ ነው። በኅዳር 1996 የፍትሕ ሚኒስቴር አገደው። ምክንያቱ ምን ተባለ? የኦዲት ሪፖርት አላቀረበም! ይህ ሰበብ መሆኑን ያልተረዳ አልነበረም። እርግጥ ነው፣ በታኅሣሥ 1997 ፍርድ ቤት እግዱን ሻረው። ግን ፍርዱ እስኪመጣ ዓመት አለፈ፤ ብዙም ሳይቆይ የ1998 እስርና ስደት ተከተለ። ለመሆኑ አፋችን ከመንግሥት ሙስና ጋር ሲታገል መዝገባችንን ክፍት ጥለን ለባላጋራችን ሰበብ የምናቀብለው ለምንድን ነው?

«ያ ሁሉ አልፏል፤ አዋጁም ተሽሯል» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፤ በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 የአሥር በመቶውን ገደብ አንስቷል፤ ማኅበራት ገቢ የሚያስገኝ ሥራ እንዲሠሩም ፈቅዷል። ግን ምን ሆነ? በ2017 ዓ.ም. በሰብአዊ መብት ላይ የሚሠሩ ድርጅቶች የእግድ ደብዳቤ ደረሳቸው። በዚያው ዓመት ደግሞ የአሜሪካው ተራድኦ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ ተዘጋና በእሱ ገንዘብ ይንቀሳቀስ የነበረው ሁሉ ክው አለ። ይኸውላችሁ! ሕጉ ሲፈቅድ ሰጪው ጠፋ። በሰው እጅ እሳት የሚሞቅ ሰው ክረምቱን አይመርጥም።

አሁን ወደ ዕድሩ ልመልሳችሁ። ዕድር ፕሮፖዛል አይጽፍም። ለስብሰባ ለመጣ አበል አይከፍልም፤ እንዲያውም የቀረውን ይቀጣል! አባል በየወሩ በገዛ እጁ ይከፍላል፤ ካርዱ ላይ ይፈረምለታል። ያልከፈለ ይጠየቃል፤ ጨርሶ እምቢ ያለ ይሰረዛል። ዳኛው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ የሰፈር ሰው ናቸው፤ ሒሳቡን በአባላት ፊት ያነብባሉ። የጎደለ ካለ አንዲት እናት ከኋላ ተነስተው «የድንኳኑ ኪራይ የት ገባ?» ይላሉ። ያቺ ጥያቄ ከየትኛውም ኦዲተር ትበልጣለች። መንግሥት ሲለዋወጥ ዕድሩ የኖረው በዚህ ነው።

አዎ፣ ዕድር የሚያነሳው የሞተን እንጂ የታሰረን አይደለም፤ ስለዚህ የሚፈራው የለም፤ የሙያ ማኅበር ግን ባለሥልጣን ያስቀይማል። አልክድም። ግን እኮ ለዚሁ ነው ከዕድር የባሰ ጠንካራ መሆን ያለበት! የሚመታ ሰው ነው ጋሻ የሚያስፈልገው።

ታዲያ ምን ይደረግ? የእኔ ሐሳብ አጭር ነው። መዋጮው ትንሽ ይሁን፤ ግን በየወሩ ይሁን፤ በአባሉ እጅ፣ በደረሰኝ ይከፈል። የቢሮ ኪራይና የጸሐፊ ደመወዝ ከዚያ መዋጮ ብቻ ይሸፈን፤ የለጋሽ ገንዘብ ከመጣ ለተጨማሪ ሥራ ይዋል፤ ሲቀር በሩ አይዘጋ። ከየመዋጮው ተቆርጦ ለአባላት ጠበቃ የሚሆን የማይነካ ሒሳብ ይከፈት፤ አባሉ «ምን አደረገልኝ?» ሲል የሚታየው እሱ ነው። የኦዲት ሪፖርቱ ሳይጠየቅ በየዓመቱ ይገባ፤ አንዱ ቅጂ በግድግዳ ላይ ይለጠፍ። አባላት አዲስ አበባ ብቻ አይደሉምና ስብሰባው ወደ ክልል ከተሞችም ይውረድ። ሊቀ መንበሩም በቃኝ ይበል! ዐሥር ዓመት አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ መንግሥትን «ሥልጣን ልቀቅ» ማለት ያስቃል። ወጣቱ ባለሙያ የሚገባው ሊሠራበት የሚችል ወንበር ሲያይ እንጂ ለማጨብጨብ ሲጠራ አይደለም።

እኔ ከራሴ ጀምሬያለሁ። ከዚያ ጉባኤ በማግስቱ የሁለት ዓመት ውዝፌን ይዤ ወደ ቢሮው ሄድኩ። ገንዘብ ያዡ መጀመሪያ ያልገባቸው መሰሉ። ቀጥለው መሳቢያውን ሲያገላብጡ ቆዩና «ደረሰኙን የት አድርጌው ይሆን?» አሉ። አቧራውን አራግፈው ጻፉልኝ።

እናንተስ አንባቢዎቼ? ሐኪሞች፣ መምህራን፣ መሐንዲሶች፣ ጠበቆች፣ የሒሳብ ባለሙያዎች፣ ጋዜጠኞች፣ ደረሰኛችሁ የት አለ? ነገ ተነገ ወዲያ «አልፈርምም» የምትሉበት ቀን ሲመጣ ከጎናችሁ የሚቆም ማኅበር ዛሬ በከፈላችሁት ልክ ነው የሚቆመው። ያለዚያማ የማኅበራችንንም ሬሳ የሚያነሳልን ያው ዕድሩ ነው።